«አ» እና «አን»፦ የግሪክ አፍራሽ ባዕድ መነሻ በሕክምና ቃላት ውስጥ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጣናን ሐይቅ በስተ ምዕራብ ትቶ ሲያልፍ፣ ወረታ ከተማ ከመድረሱ አስቀድሞ ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ በወተት ላሞቹና በሩዝ እርሻው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ውሃው ሲጎድል በየጉድጓዱ የሚቀረው ኩሬ የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ከትንኟም ጋር ወባ ይመጣል።

የወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ሳይንሳዊ የወገን ስም «አኖፊሊስ» ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «አን» የሌለ ማለት ነው፤ «ኦፌሎስ» ደግሞ ጥቅም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «ጥቅም የለሽ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1818 ያወጣው የነፍሳት ተመራማሪው ጀርመናዊ ዮሐን ቪልሄልም ማይገን ነበር። በዚያን ጊዜ ትንኟ ወባን እንደምታስተላልፍ አልታወቀም፤ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነውና። «ጥቅም የለሽ» ተብላ የተናቀችው ፍጡር ከሰባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚሊዮኖች ገዳይ ሆና ተገኘች። እንግዲህ አንድ ቃል «የለም» ሲል ሁሉንም አለመናገሩን ከዚህች ትንኝ ስም መማር ይቻላል።

የባዕድ መነሻው ሥርዐት ቀላል ነው። ተከታዩ ድምፅ ተናባቢ ሲሆን «አ» ብቻ ይገባል፤ አናባቢ ሲሆን ግን ለድምፅ ማያያዣ «አን» ይሆናል። «አፕኒያ» የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ «ፕኖኤ» ትንፋሽ ማለት ነውና። «አኔስቴዥያ» የስሜት አለመኖር ነው፤ «አይስቴሲስ» ስሜት ማለት ነውና። ይህን የመጨረሻውን ቃል ለኤተር ማደንዘዣ እንዲያገለግል እ.ኤ.አ. በ1846 ሐሳብ ያቀረበው አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነበር።

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ሥርዐት ባዕድ አይደለም። ግዕዝ «ኢ» የሚለውን አፍራሽ ፊደል ከቃሉ ፊት ያስቀምጣል፤ «ኢሰብአዊ» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ከግዕዙ «አልቦ» የተገኘው «አልባ» ግን ከስሙ ኋላ ይገባል፤ «ወላጅ አልባ» እንደሚባለው። በግሥ ላይም «አይመጣም»፣ «አልበላም» ሲባል ማፍረሻው በ«አ» ይጀምራል። ይህ ከግሪኩ «አ» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም፤ ለተማሪ ግን ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል።

ማስታወሻው ጥንቃቄንም ያስተምራል። በአማርኛ «አበላ» የሚለው ቃል በ«አ» ቢጀምርም አፍራሽ አይደለም፤ ማስደረጊያ ነው። በግሪኩም እንደዚሁ በ«አ» የጀመረ ሁሉ አያፈርስም። «አናቶሚ» የተገኘው «አና» ከሚለው ሌላ ባዕድ መነሻና መቁረጥን ከሚያመለክት ቃል ነው። «አስም» ማለክለክ ከሚል ቃል ወጥቷል። «አሜባ» ደግሞ መለዋወጥ ከሚል ቃል የተገኘ ነው። ስለዚህ የቃሉን ግንድ ሳይለዩ መነሻውን ብቻ አይቶ መተርጐም ስሕተት ላይ ይጥላል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት «አ» እና «ዲስ» የተባሉትን መነሻዎች ማደባለቅ ነው። «ዲስ» መክፋትን ወይም መቸገርን እንጂ አለመኖርን አይናገርም። «ዲስፕኒያ» ያለበት በሽተኛ በችግር ይተነፍሳል፤ «አፕኒያ» የደረሰበት ግን ትንፋሹ ቆሟል። በሌሊት ተረኛ መዝገብ ላይ የአንዱ ቃል በሌላው ቦታ መጻፍ ለነገው ተረኛ የቋንቋ ጉድለት ሆኖ አይታይም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቃሉ ራሱ ከእውነቱ ያልፋል። «አኒሚያ» በቀጥታ ሲተረጐም «ደም አልባነት» ነው፤ ደም የሌለው ሰው ግን በሕይወት አይኖርም። አማርኛው «ደም ማነስ» ማለቱ ከግሪኩ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነው። ከቀይ የደም ሕዋሳት ወይም ከሄሞግሎቢን መጠን መቀነስ ሌላ የተፈጸመ ነገር የለምና። ከፎገራ ገጠር ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ልጅሽ ደም የለውም» ብትባል ተስፋ ትቈርጣለች፤ «ደሙ አንሷል፤ ምክንያቱን ፈልገን እናክመዋለን» ብትባል ግን ሕክምናውን ትከታተላለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር አፍራሹ መነሻ የሚያፈርሰው የተጣበቀበትን ግንድ ብቻ መሆኑ ነው። «አሲምፕቶማቲክ» የተባለ ሰው የሌለው የበሽታው ምልክት ነው እንጂ ተሕዋሱ አይደለም። የፎገራ ሜዳ የዚህን ልዩነት ክብደት በመከራ ተምሯል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ትኩሳቱ የማይለቅ፣ በወባ መድኃኒት የማይድን፣ ሰውነትን የሚያከሳና ጣፊያን የሚያሳብጥ ሕመም ተዛመተ። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደ ሆነ ታሰበ። በግንቦት ወር ግን በሽታው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትም በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና መስጠት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ተመራማሪዎች የበሽታውን መግባት ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ከሚሄዱት ወጣቶች ጉዞ ጋር አያይዘውታል። በኋላም በአካባቢው በተደረገ ጥናት፣ ተሕዋሱ ደርሶባቸው ምልክት ያላሳዩ ሰዎች መኖራቸው ታወቀ። ምልክት የለም ማለት ተሕዋስ የለም ማለት እንዳልሆነ፣ በደም ምርመራ ወባ አልታየም ማለትም በሽታ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ይህ ሕግ ከሐኪም ቤት ውጭም ይሠራል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያለ አየር የሚኖሩትን ረቂቃን ተሕዋስያን «አናኤሮብ» ሲል ሰየማቸው፤ «ያለ አየር ኗሪ» ማለቱ ነው። በፎገራ የሩዝ ማሳ ውሃ የተኛበት አፈር አየር ሲያጣ እነዚህ ተሕዋስያን ይበዙበታል። አየር ጠፋ እንጂ ሕይወት አልጠፋም፤ የሩዙም ሥር በግንዱ ውስጥ ባለው ክፍተት አየር ከላይ እየሳበ ይኖራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የሙያው ቋንቋ ከሩቅ አገር ቢመጣም የሚፈጸመው በአገር ሰው ሰውነት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ አፍራሽ ቃል በመዝገብ ሲጽፍ ወይም ለታማሚ ሲያስረዳ፣ የጠፋው ምን እንደ ሆነና ምን እንደ ቀረ ለይቶ መናገር ይገባዋል። «ምልክት አልታየም፤ ነገር ግን ተመልሰህ መመርመር አለብህ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በትክክል ከተነገረ፣ ከወረታ ጤና ተቋም ወጥቶ ወደ ሜዳው የሚመለሰውን ገበሬ ሳይዘገይ ሊመልሰው ይችላል። ትንሿ «አ» የምትጠይቀው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው።