ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል፤ ሁለት ሥርዓቶችን የያዘ መሣሪያ ችግርና ጥገናው



በቢላ ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር ይታሰብ። ነቀምቴ በሚገኘው በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በአሮጌ ኮምፒዩተሩ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስን ጭኖ ነበር። ዛሬ የሚጠቀመው በዊንዶውሱ ብቻ ነው፤ የሦስት ዓመት የተማሪዎች ውጤትም ያለው በዚያው ነው። ዲስኩ ሲጠበው የሊኑክሱን ፓርቲሽን ይሰርዛል። በማግሥቱ ጠዋት መሣሪያውን ሲያበራ በጥቁሩ መስኮት ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አያገኝም። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ምክሩ ከተፈጸመ ውጤቱን ያጠፋው ብልሽቱ ሳይሆን ጥገናው ይሆናል።

ኮምፒዩተር ሲበራ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ በራሱ አይነሣም። አስቀድሞ የሚሠራው በዋናው ቦርድ ላይ ያለው ቋሚ ፕሮግራም ሲሆን፣ እርሱም ቡት ሎደር የተባለውን ትንሽ አስነሺ ፕሮግራም ይጠራል፤ አስነሺው ደግሞ በተራው ሥርዓቱን ይጠራል። ባዮስ በሚባለው በአሮጌው አሠራር አስነሺው የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው። ይህ ሴክተር በጠቅላላው 512 ባይት ነው፤ ከዚህም 446ቱ ለአስነሺው ትእዛዝ፣ 64ቱ ለፓርቲሽኖች ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይት ለማረጋገጫ ምልክት ተመድበዋል። ግረብ የተባለው የሊኑክስ አስነሺ በዚህች ጠባብ ስፍራ ስለማይበቃ ቀሪ ክፍሎቹን በሊኑክሱ ፓርቲሽን ውስጥ ያኖራል። መምህሩ የሰረዘው ይህንኑ ነው። ዊንዶውሱና የተማሪዎቹ ውጤት ግን በነበሩበት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም። ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ ሳይጭኑ አስነሥቶ ዲስኩን መክፈት፣ ፋይሎቹ መኖራቸውን ማየትና ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብቶ «ቡትሬክ» በተባለው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ሴክተር ትእዛዝ እንደገና ማስጻፍ በአብዛኛው ይበቃል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ማለትም ዊንዶውስ በኋላ ተጭኖ የግረብን ስፍራ ሲወስድ፣ በሊኑክሱ ፍላሽ ገብቶ ግረብን መልሶ መጫን ነው።

ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ አሠራር አስነሺዎቹ በአንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ እንደ ፋይል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተራቸው የሚመዘገበው ግን በቦርዱ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዛባው ይኸው መዝገብ ነው። ሲበራ የምርጫውን ቁልፍ ተጭኖ (እንደ ፋብሪካው ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ነው) ስሙን ከዝርዝሩ መምረጥ ከተቻለ፣ የቀረው ተራውን ማስተካከል ብቻ ነው። እዚህ ላይ የጥገና ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ፤ የጥገናው ፍላሽ በባዮስ መንገድ ተነሥቶ ከሆነ በዩኢኤፍአይ የተጫነውን ሥርዓት አያቃናም፤ አንዳንዴም ሁለተኛ ችግር ጨምሮ ይወጣል።

ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ የሚደርስም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ የደኅንነት ማሻሻያ ያረጁ አስነሺዎችን ለማገድ የታሰበ ነበር። ሁለት ሥርዓት ያላቸውን መሣሪያዎች እንዳይነካ ቢታቀድም፣ በብዙዎቹ ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሣ አደረገ። ማይክሮሶፍት ችግሩን ያስወገደው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ የነበረው መፍትሔ ሴክዩር ቡት የተባለውን ቁጥጥር ለጊዜው ማጥፋት፣ ወደ ሊኑክስ ገብቶ እገዳውን መሰረዝ፣ አስነሺውን ማደስና ቁጥጥሩን መመለስ ነበር። ይሁን እንጂ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ቁጥጥሩ ሲጠፋ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ሳይዝ ይህን የሚሞክር ሰው ከአንድ ችግር ወደ ባሰ ችግር ይገባል።

በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የሚታየው የ3 ሰዓት ልዩነት ግን ብልሽት አይደለም። የቦርዱን ሰዓት ዊንዶውስ እንደ አገር ሰዓት፣ ሊኑክስ እንደ ግሪንዊች ሰዓት ስለሚያነቡት የሚመጣ ነው፤ በ6 ሰዓት ልዩነት ማስላት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ብዙ አያስደነግጥም።

ይህ ሁሉ መመሪያ በኢንተርኔት ይገኛል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋን ጨምሮ፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ያልተነሣለት ሰው በእጁ ካለው በቀር የሚያወርደው አልነበረውም። እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት ፍላሾች፣ አንዱ ኡቡንቱን ሁለተኛው የዊንዶውስን መጫኛ ይዘው፣ መሣሪያው በባዮስ ወይም በዩኢኤፍአይ የሚነሣ መሆኑንና የቢትሎከሩን ቁልፍ ከሚያመለክት አንድ ወረቀት ጋር በመሳቢያ ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል፤ ወረቀቱ ግን ቁልፍ ባለው መሳቢያ ቢሆን ይሻላል።