ስለ መርዶ ነጋሪ ልብ
(በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በፌርፋክስ ጎዳና ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ውይይታችን አርእስት «ሞት ራሱ ምን ይሰማዋል?» የሚል ነው። አርእስቱ ሲነገር ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ እኛም ስንመርጠው ፈገግ ብለናል። ነገር ግን ለዚህ ሰፈር ጥያቄው ባዕድ አይደለም። የከተማው ምክር ቤት በፈረንጆች 2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው ከዚህ ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ማይል ቢሄዱ ሆሊዉድ ነው፤ ሆሊዉድ ደግሞ ሞትን ሰው አድርጎ፥ ልብስ አልብሶ ሲያናግረው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1934 የወጣ አንድ ፊልም ሞትን ልዑል አስመስሎ ኢጣሊያ ውስጥ በአንድ መኳንንት ቤት ለሦስት ቀን በእንግድነት ያሳድረዋል። የመጣው ሰዎች ለምን እንደሚፈሩት ለማወቅ ነው። ሥራውን ስላቆመም በነዚያ ቀናት የሚሞት የለም፤ እንግዳው ግን ፍቅር ይይዘዋል። ይኸው ሐሳብ በ1998 በሌላ ፊልም ተመልሶ መጥቷል።

ፊልሙ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም የዚያ ሞት ሐዘን ለራሱ ነው። ብቸኝነቱ ያስጨንቀዋል፥ መወደድ ያምረዋል፥ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ፈረንጅ ሞትን ሲሥል የሚያስይዘውም እጀታው ረዥም የሆነ ማጭድ ነው፤ ባለ ማጭዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያጭዳል። የኛ ገበሬ ማጭድ አጭር ናት፤ የሚያጭደውን ለመጨበጥ ጎንበስ ማለት አለበት። ይህን እንደ ቀልድም ብትወስዱት ግድ የለንም፤ ወደ ቁም ነገራችን ግን ያደርሰናል።

በግዕዝ ተተርጉሞ በአገራችን የኖረ፥ ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም ጠብቀው ያቆዩት የአብርሃም ዕረፍት ታሪክ አለ። ቅዱስ ሚካኤል ለአብርሃም የሞቱን ነገር እንዲነግረው ይላካል። መንገደኛ መስሎ ይሄዳል። አብርሃም እግሩን ያጥበዋል፥ በቤቱም ይቀበለዋል። ሚካኤል ያለቅሳል፤ ለመናገርም አቅም ያጣል። ወደ ላከው ተመልሶ፥ ይህን ቃል ለዚህ ሰው መናገር አልችልም ይላል። በመጨረሻ ነገሩ የሚገለጠው እንዴት ነው? ልጁ ይስሐቅ በሌሊት ሕልም አይቶ እያለቀሰ አባቱን ያቅፋል፤ ሣራ እንግዳው ማን እንደሆነ ትለያለች፤ መልአኩም የሕልሙን ፍቺ ይናገራል። አንድ መልአክ ብቻውን ያልቻለውን ቃል ቤተ ሰቡ ሁሉ ተካፍሎ ተሸከመው ማለት ነው።

ባላገሩ መርዶ የሚያረዳውም በዚሁ መንገድ ነው። ሟች የሞተበት ሰው ማታ እራቱን በልቶ ይደር ይባላል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች፥ ጎረቤትና የዕድር ሰዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። የሚናገረው አንድ አዛውንት ነው፤ የቅርብ ወዳጁ ግን አጠገቡ ተቀምጦ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። አፉ የአንዱ፥ ትከሻው የሌላው ነው። በአማርኛችን መርዶ የሰማ ሰው «ተረዳ» ይባላል፤ ነገሩን የተገነዘበም «ተረዳ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት ሲገጥሙ የሚያስገርም ነው።

እዚህ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ሊነጋ ሲል ሎስ አንጀለስ ገና ያለፈው ቀን ማታ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ስልኩ የሚደወለው ለሟች ልጅ ሳይሆን ለጓደኛው ነው። «እንዳትነግረው፤ ፈተናው ይለፍ» ይባላል፤ ወይም «የመኖሪያ ወረቀቱ ይውጣ፤ አሁን ቢሰማ መሄድ አይችልም»። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ጓደኛ መልአከ ሞት ሆኗል። አብሮ ይበላል፥ አብሮ ይስቃል፥ በአንድ ክፍል ያድራል። «እናቴ ስልክ አታነሣም፤ ምን ሆና ነው?» ሲባል «ጠበል ሄዳለች» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር መፍጠር አለበት። ሆሊዉድ ያላየው የሞት ገጸ ባሕርይ ይህ ነው፤ ማጭድ የለውም፥ የያዘው ስልክ ብቻ ነው።

መደበቁ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ማንን ይጠቅማል? ቀብሩ በአገራችን ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ስለሚፈጸም፥ ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም አርባው አለ። ሙስሊሙም ወንድማችን በሩቅ ሆኖ ዱዓ ያደርጋል። በስድስት ወሩ የተረዳ ሰው እናቱን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ሌሎች ሲያለቅሱላት እርሱ ሲስቅ የከረመበትንም ጊዜ ነው። ደግሞስ ዛሬ የሟች ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ቃል ጋር በፌስቡክ በሚወጣበት ዘመን እስከ መቼ ይደበቃል? ብቻውን፥ በአውቶቡስ ላይ ሆኖ ሊያነበው ነው።

መርዶ መዘግየቱ የሚያደርገውን በአገር ደረጃም አይተናል። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ፥ በውጭ ያለው ልጅ ወላጆቹ ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ብዙ ወራት ቆይቷል። ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ በኋላም የብዙ ታጋዮች ቤተ ሰብ መርዶውን በይፋ የሰማው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ከጥቅምት 3 ጀምሮ ታውጆ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የጓደኛውን መሞት በዐይኑ አይቶ ለእናቲቱ መናገር ያልቻለ ወጣት ምን ያህል ነው? እርሱን የጠየቀው ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛው፥ በማኅበራችን መዝገብ ላይ ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፤ «መርዶ ቢመጣ ማን ይንገርህ? ማንስ አጠገብህ ይቀመጥ?» የሚል። ሁለቱ ሰዎች የተለያዩ ይሁኑ፤ የክፍል ጓደኛ አፍም ትከሻም አይሁን። ሁለተኛው፥ መርዶ ከሦስት ቀን በላይ አይደበቅ፤ ፈተና ቢሆንም። ዩኒቨርሲቲው ፈተናውን እንዲያስተላልፍ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን ይመረጥ፤ ሐዘንተኛው ራሱ ቢሮ ለቢሮ እንዳይንከራተት።

በመጀመሪያው ነጥብ ብዙ ክርክር አይኖርም ብለን እናስባለን። በሁለተኛው ላይ ግን፥ በተለይ ስለ ፈተናው ሳምንት፥ ተቃውሞ ያላችሁ ስላላችሁ መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን።