ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለምን ያስፈልገዋል?

(በቁሐር ሚካኤል ለነዋሪዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ማንም በቤቱ እንዲደርስ የማይመኘው፣ ከደረሰ ግን ቤት የሚያፈርስ ነው። ይኸውም በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙዎቻችን፣ «እውነት ከያዝሁ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? ጠበቃ የሚያቆም ጥፋት ያለበት ነው» እንላለን። አነጋገሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሰው ይጎዳል።

እስቲ በእኛው አገር ሊደርስ የሚችለውን እናስብ። በርብና በጉማራ መካከል ያለው ሜዳችን ለሩዝም ለከብትም ስለሚፈለግ ጠብ አይጠፋውም። አመሻሽ ላይ ከብት ሩዝ ማሳ ገባ እንበል። ባለማሳውና ባለከብቱ ተጣሉ፤ አንዱ ምሳር አነሣ፣ ሌላው በያዘው ዱላ መታው፤ የተመታው ሞተ። መቺው ተይዞ «መትተኸዋል ወይ?» ሲባል፣ «አዎ፣ መትቼዋለሁ» ይላል። አልዋሸም። ነገር ግን በድንጋጤ የምሳሩን ነገር ሳያነሣ ቀረ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህንኑ አንድ ምት በተለያየ መንገድ ያየዋል። ሌላ ማምለጫ አጥቶ፣ ከልክ ሳያልፍ ራሱን የተከላከለ ሰው በአንቀጽ 78 መሠረት አይቀጣም። የመከላከልን ልክ አልፎ የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ይፈረድበታል። በአንቀጽ 540 በተራ የሰው ግድያ ጥፋተኛ ከተባለ ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ዱላው ያው ዱላ፣ ሟቹም ያው ሟች ነው። ልዩነቱ ያለው በነገሩ አነሣሥና በማስረጃው ላይ ነው።

ታዲያ ገበሬው ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? የጠበቃ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ፣ «ምሳሩ የት ወደቀ? ማን አየው?» ብሎ ይጠይቃል። ለሩዝ አረም የመጣ የቀን ሠራተኛ አይቶ ከሆነ፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ ስሙን ያስይዛል። የዐቃቤ ሕግን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትናል፤ ዋስትና ይጠይቃል፤ የይግባኝ ቀን እንዳያልፍ ይጠብቃል።

ንጹሕ ሰውስ? በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ ክላረንስ ጌዲዮን የተባለ ድኻ እ.ኤ.አ. በ1961 የቢሊያርድ ቤት ሰብረህ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ ቢል ተከለከለ፤ ብቻውን ተከራክሮ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ አቤት አለ። በ1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለድኻ ተከሳሽ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ። በዚያው ክስ እንደገና ሲቀርብ፣ በጠበቃ ተከራክሮ ነፃ ወጣ። ሰውዬውም ክሱም አልተለወጡም።

«ነፍስ ያጠፋ ሰው ጠበቃ ይገባዋል ወይ?» የሚል ይኖራል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ፤ የሚከራከርላቸው ቀርቶ የሚሰማቸው ዳኛ አላገኙም። በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ግን፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው። ፍርዱ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። መዘግየቱ ብዙ ቢያስወቅስም ፍርድ ከግድያ የሚለየው በዚህ ነው። ደግሞም የሟች ቤተ ሰብ የሚሻው እውነተኛውን ጥፋተኛ ነው፤ ያልሠራው ሰው ቢታሰር የሠራው ገበያ ይውላል።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። በሬ ሸጦ ለጠበቃ መክፈል ያማል። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ አቅም ላጣ ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህን ጉዳዩ የሚታይበት ፍርድ ቤት፣ ወረታም ሆነ ደብረ ታቦር፣ ቀርቦ መጠየቅ ነው። የሽማግሌ እርቅ ደም ያደርቃል፤ የተከፈተን የነፍስ ግድያ ክስ ግን አይዘጋም። ስለዚህ እርቁም ይሂድ፣ ጠበቃውም አይቅር።

እንግዲህ ሰው ቢያዝባችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ. የተያዘው ሰው በአንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት አለው። በትሕትና፣ «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ይበል። ወደ ፍርድ ቤት መጓዣው ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

2ኛ. ቤተ ሰብ በዚያው ዕለት ሄዶ ይጠይቀው፤ ያዩ ሰዎችንም ስም ይያዝ።

3ኛ. ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን እዩ፤ ዋጋውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚላችሁን ሽሹት። ደኅና ጠበቃ ይከራከራል እንጂ «በእርግጥ አስፈታዋለሁ» አይልም።

4ኛ. ለጠበቃችሁ ምንም አትደብቁ። ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

ማንበብ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።