ደረሰኙን በሙጫ አትለጥፉት
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዘንድሮ ተማሪዎች ቡድን ሠርተው በደባርቅና በዳባት አካባቢ 1960ዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር በዐውደ ርእይ ሊያሳዩ መነሣታቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። ደግሞም ፈራሁ። የፈራሁበትን ልንገራችሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በክበባችን እንዲህ ያለ ነገር ሞክረን ነበር። አንዲት እናት የአባታቸውን የመሬት ግብር ደረሰኝ አዋሱን። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ገበሬው ስለ ርስቱ ሲሟገት እንዲህ ያለችው ቁራጭ ወረቀት ትልቅ ማስረጃው ነበረች እኮ። እኔ እንዲያምር ብዬ ካርቶን ላይ በሙጫ ለጠፍኳት። በዓሉ አልፎ ሊወስዷት ሲመጡ፣ ላላቅቅ ብል ለሁለት ተቀደደች። እኒያ እናት አልተቆጡም። ሁለቱን ቁራጭ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ዕቃ ስትቀበሉ ቁጥር ስጡት። የባለቤቱን ስም፣ ዕቃው የመጣበትን መንደርና የሚመለስበትን ቀን በመዝገብ ጻፉ፤ ለባለቤቱም ፈርማችሁ ስጡ። ወረቀትና ፎቶግራፍ ከሆነ ቅጂውን ስቀሉ፤ ዋናው ከፀሐይና ከእጅ ይራቅ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ያ ዐሥር ዓመት ለሁሉም አንድ አልነበረም። በ1962 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። 1970 ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። እንኮራበታለን። ነገር ግን ዋልያው በሚጠበቅበት ተራራ ላይ ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያግድ ሰው ነበር። ለእሱ ፓርክ ማለት እንጨት የሚለቅምበትና ከብት የሚያሰማራበት መሬት ነው። በ2008 ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ የገቡት ቤተሰቦች ዛሬ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ዋልያውን ብቻ ካሳያችሁ ግማሹን ነገራችሁን፤ የገበሬውን ማረሻ ብቻ ካሳያችሁም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አኑሯቸው።

ከዚያ 1966 መጣ። በታኅሣሥ 1967 ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ የካቲት ላይ መሬት ለአራሹ ታወጀ። ብዙም ሳይቆይ በሁመራና በመተማ በኩል የኢዲዩ ጦርነት፣ በየከተማው ደግሞ ቀይ ሽብር ተከተለ። ወንድም ከወንድሙ የተለየበት ቤት ጥቂት አይደለም። የሁሉም ልጆች ዐውደ ርእያችሁን ሊያዩ ይመጣሉ። ታዲያ ከዕቃው ሥር ፍርድ አትጻፉ። ባለቤቱ ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ፤ አንብቡለትና ይሁን ሲል ብቻ ስቀሉት። መስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ያየ ያውቀዋል፤ እግርን የሚያስቆመው ቤተሰብ ያመጣው ፎቶግራፍ ነው።

ተማሪ ምን አቅም አለው የሚል ካለ፣ በ1940ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው የየአገራቸውን ወግና ልማድ እየጻፉ ያሳትሙ እንደነበር ያስታውስ። ዛሬም ተመራማሪ ያገላብጠዋል።

ጊዜው ግን ጠባብ ነው። በ1962 ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰማንያን እየተጠጋ ነው። ስለዚህ እናንተ ምሩቃን፣ ከዚህ ስትመለሱ የእናታችሁን ሳጥን አስከፍቱ፤ የዕቃውን ታሪክ ከአፋቸው ስሙ፣ ቅዱት። መምህሮቻችን ደግሞ ቁልፍ ያለው ክፍልና ቁምሳጥን ስጧቸው። ሌላው ይደርሳል።

የእኒያን እናት ልጅ በቅርቡ አግኝቼው ነበር። ሁለቱ ቁራጮች ዛሬም ቤታቸው አሉ። «ታውሰናለህ ወይ?» ብዬ በፍርሃት ጠየቅሁት። ሳቀና፣ ሙጫ እንዳላመጣ አስምሎኝ እሺ አለኝ። እንግዲህ የዐውደ ርእያችሁ አንደኛ ቁጥር እሷ ትሁን። ስትመልሱላቸው እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

እግዜር ለከርሞው በሰላም ያገናኘን።