የትኛው አልኮል ነው?

ሐኪም ሆኜ ስለ ኬሚስትሪ ላወራ ነውና የዘርፉ ምሩቃን ታገሡኝ።

ትራፊክ ፖሊስ ሹፌሩን «ንፋ» የሚልበትን መሣሪያ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእነዚህ መካከል በርካሾቹ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ቲን ዳይኦክሳይድ የሚባል የብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው። ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን ገጹ ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሮኖቹን ይይዝበታል፤ ኤሌክትሪክም እንደ ልብ አያልፍም። የአልኮል ትነት ሲደርስ ከኦክስጅኑ ጋር ይዋሃዳል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። የምናነበው ያንን ለውጥ ነው።

ታዲያ የናኖ ቀዳዳዎቹ ለምን አስፈለጉ? እንጀራን አስቡት፤ ወጡን የሚይዘው ዓይኑ ነው። ዓይኑ የበዛ ኦክሳይድም ትነቱ የሚነካው ገጽ ስለሚሰፋ ጥቂቱንም ያውቃል።

ለእኔ ግን ይሄ ብቻ አይበቃኝም። ድንገተኛ ክፍል ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ሲመጣ ጥያቄዬ «ጠጥቷል ወይ?» አይደለም፤ «ኢታኖል ነው ወይስ ሜታኖል?» ነው። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይን ነርቭን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ሕክምና አለው፦ ፎሜፒዞል፣ ወይም በሐኪም ልኬት ራሱ ኢታኖል፣ ሲጠና ደግሞ የኩላሊት እጥበት። ከዘገየን ግን የጠፋ ዓይን ላይመለስ ይችላል። ተራው ሴንሰር ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ደግሞ ተረኛ በሆንኩባቸው ሌሊቶች አጠገቤ ኖሮ አያውቅም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች ያሳዩት መንገድ ለዚህ ነው ደስ ያሰኘኝ። ፓላዲየም ከተጨመረበት ቲን ዳይኦክሳይድ ፊት ቴናክስ የሚባል ፖሊመር የተሞላች ትንሽ ቱቦ አደረጉ። ሜታኖል ቀድሞ ያልፋል፣ ኢታኖል ይዘገያል፤ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሜታኖሉን ለይቶ ይለካል። መፍትሔው አፍንጫውን ማሳል ብቻ ሳይሆን ወረፋ ማስያዝም ነበር ማለት ነው።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ሥራ ሲሠሩ፣ ንጹሕ ኢታኖልን በደረቅ አየር ለክተው አያቁሙ። የሰው ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ ስኳሩ የተዛባበት ሕመምተኛ ትንፋሽ ውስጥ ደግሞ አሴቶን ይበዛል። ሥራው ሳይጀመር እኛን ሐኪሞቹን ጥሩን፤ ምን መለየት እንዳለበት አብረን እንወስን። ቀዳዳውን እናንተ ሥሩ፣ ጥያቄውን እኛ እናመጣለን።