ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለአሥራ አምስት ቀን ነው ተብሎ ነበር። ሰባት ወር ሆነ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ ራዲዮ የሌለው ቤትስ? የሠፈራችን አስተማሪዎች «ጥያቄውን እኛ እንጽፋለን፣ እናንተ ወረቀት ግዙ» አሉን። እኛ ደግሞ «የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው» ብለን ሁለት ወር ተጨቃጨቅን፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በዚያ መካከል ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሊስትሮ ገቡ።

በመጨረሻ ወረቀቱ ተገዛ። ማን ያድርስ ሲባል፣ ቤቱን ሁሉ የሚያውቀው ጥሩንባ ነፊያችን ተነሣ። በመጀመሪያው ቀን እናቶች ገና ሲያዩት «ማን ሞተ?» እያሉ ደነገጡ። ኋላ ግን ልጆቹ ሰኞ ሰኞ ደጅ ላይ ይጠብቁት ጀመር፤ የሠሩትንም ለአስተማሪዎቹ ይመልስ ነበር።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲከፈቱ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ተመለሰ። ሌላውን አስተማሪውም እኛም ሄደን ለመንነው፤ አልመጣም።

ተራርቀው ይቀመጡ ሲባል አግዳሚ አነሰ፤ የድንኳኑን አዋስን። ስምንቱ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ይመለሱ የሚል አባል ካለ በአጀንዳ ይያዝለት።