ነጭ እንጆሪ በጓሮ



ዛሬ የምንጫወተው ስለ እንጆሪ ነው። እኛ ጎጃሜዎች እንጆሪ ሲባል ትዝ የሚለን በየአጥሩ ላይ የሚበቅለው እሾሃሙ ነው። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ያልለቀመው ማን አለ? የፈረንጁ እንጆሪ ግን ሌላ ነው። እሾህ የለውም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አብዛኛው ሲበስል ይቀላል። እንደ ነጣ የሚበስልም አለ።

ነጩ ከየት መጣ? ጥንት የቺሌ አገር ገበሬዎች ያላመዱት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1714 ፍሬዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ አምስት ችግኝ በመርከብ ለአገሩ አደረሰ። ችግኞቹ ለመለሙ፤ ፍሬ ግን እምቢ አሉ። ለካ ሁሉም ሴቴ ኖረዋል! ቆይቶ የሰሜን አሜሪካው ቀይ እንጆሪ አጠገባቸው ሲተከል አፈሩ። ዛሬ በገበያ ያለው ትልልቁ ቀይ እንጆሪ የሁለቱ ልጅ ነው። እንግዲህ ነጩን ስትተክሉ ቀዩንም አጠገቡ ትከሉ፤ ንብ ታገናኛቸዋለች።

መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። የችግኙን እምብርት አፈር አታልብሱት። ከፍሬው ሥር ገለባ ጎዝጉዙ።

ችግሩ ለቀማው ላይ ነው። «እስኪቀላ እንጠብቅ» ያለ ሰው በስብሶ ያገኘዋል። አይቀላማ! ቆዳው ላይ የተሰካኩት ጥቃቅን ዘሮች ሲቀሉ፣ ፍሬው ሲለሰልስና ሽታው ሲያውድ ያን ጊዜ ልቀሙት። ወፍም ብትሆን ጥሬ እየመሰላት ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች።